ፉርጎው ስንት ዓመቱ ነው? የ1954ን የጭነት ባቡር በሞዴል ስለማስረጀት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ለልጄ ብዬ የጀመርኩት የባቡር ሞዴል አሁን የራሴ ሱስ ሆኗል። የ1950ዎቹን የኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን የጭነት ባቡር እየሰበሰብኩ ነው። ልኬቱ ኤችኦ ነው፣ ማለትም 1 ለ 87። አንድ ክላስ ኤ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭና 14 ፉርጎ አለኝ። ችግሩ ሁሉም ገና ከካርቶን እንደወጡ ያብረቀርቃሉ፣ መጫወቻ ይመስላሉ። አንዱን ፉርጎ ጥቁር ቀለም በውሃ አቅጥኜ ቀባሁት። ጭቃ ውስጥ ወድቆ የወጣ መሰለ። ሁለተኛውን ለመንካት ፈራሁ። ምን ልግዛ? ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ ጥፋቱ የብሩሽህም የቀለሙም አይደለም። ፉርጎውን ዕድሜውን ሳትጠይቀው ቀባኸው፣ በቃ። ማስረጀትና ማቆሸሽ ለየቅል ናቸው። አንድ ሰው አረጀ ስንል ፊቱ ላይ ጭቃ ተለቀለቀ ማለታችን አይደለም። ፀጉሩ የሸበተው በምክንያት ነው፣ ጉልበቱን የያዘውም በምክንያት ነው። ፉርጎም እንደዚያው። አንድ እድፍ ከየት እንደመጣ መናገር ካልቻልክ አትቀባው።

ስለዚህ «ምን ልግዛ» ወዳልከው ቆይቼ እመጣለሁ። መጀመሪያ ቀን እንቁረጥ።

«1950ዎቹ» ቀን አይደለም። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ የአሜሪካ ባቡር መልኩ ተገልብጧል። መጀመሪያ ላይ እንፋሎት በየቦታው ነበር፣ መጨረሻ ላይ ግን ፈልገህ ነው የምታገኘው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በእኛ ብቆጥር ሞዴሉ ላይ ከተጻፈው ጋር እንጣላለን።) ለአንተ ኦክቶበር 1954ን መርጬልሃለሁ። ኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን ከሰል የሚያጓጉዝ፣ ከሰል የሚያቃጥል፣ ሎኮሞቲቮቹንም ሮአኖክ በሚገኘው በራሱ ወርክሾፕ የሚሠራ ኩባንያ ነበር። ሌሎቹ ወደ ናፍጣ ሲሮጡ እሱ በእንፋሎቱ እስከ 1960 ቆየ። የመጀመሪያዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች የገቡለት በ1955 ነው። በ1954 መኸር ላይ ሁሉም ነገር ገና ጭስ በጭስ ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ቁጥር 244 የተባለችው ፉርጎ የምታቀናጅ ትንሽ ሎኮሞቲቭ ከሮአኖክ የወጣችው በዲሴምበር 1953 ነው። ለአሜሪካ ትልልቅ የባቡር ድርጅቶች አገልግሎት ከተሠሩት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች የመጨረሻዋ እሷ ናት። በመረጥንልህ ቀን የአሥር ወር ልጅ ነች። እዚያው ሃዲድ ላይ፣ ከጎኗ፣ የሠላሳ ዓመት ፉርጎ ቆሟል። ባቡርን ባቡር የሚያስመስለው ይኸው የዕድሜ መደባለቅ ነው።

አሁን 14ቱን ፉርጎዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድርና አንድ በአንድ «ስንት ዓመትህ ነው?» በላቸው። መልሱ ጎናቸው ላይ ተጽፏል። ደህና ሞዴል ከሆነ፣ ፉርጎው የተሠራበት ወርና ዓመት በጥቃቅን ፊደል ሰፍሯል። አጉሊ መነጽር ያዝ። ከኦክቶበር 1954 በኋላ የተሠራ ካገኘህ ወደ ካርቶኑ መልሰው። ያማል፣ አውቃለሁ። እኔም አንድ የምወደውን ቢጫ ፉርጎ እንዲህ አስቀምጬ ስንት ዓመቱ።

የዕድሜውን ነገር በምሳሌ ላሳይህ። የፔንሲልቬኒያ ባቡር ኩባንያ ኤክስ 29 የሚባል ዝግ የብረት ፉርጎ ነበረው። መሠራት የጀመረው በ1924 ስለሆነ በ1954 የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ሞልቷቸዋል። የእነዚህ ፉርጎዎች የታወቀ በሽታ ጎናቸው ከታች በኩል መበስበሱ ነው። ውሃ ውስጥ ለውስጥ ወርዶ እዚያ ይቆማል፣ ላሜራውን ይበላዋል። ስለዚህ ብዙዎቹ የታችኛው ጠርዛቸው ላይ ላሜራ ተለጥፎላቸው ነው የሚታዩት። በሌላ በኩል ፒኤስ-1 የሚባለውን ዝግ ፉርጎ ፑልማን ስታንዳርድ የተባለው ፋብሪካ መሥራት የጀመረው በ1947 ነው። የአንተ ፒኤስ-1 በ1954 ቢበዛ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ኤክስ 29ንና ፒኤስ-1ን በአንድ ዓይነት ዝገት ከቀባሃቸው፣ አያትና የልጅ ልጅ አንድ ዓይነት ሽበት አወጡ ማለት ነው። በመካከላቸው ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ የተሠሩት አሉ። ብረት እጥረት ስለነበር ጎናቸው በእንጨት የተሠራ ነው። እንጨቱ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ቀለሙ ከብረቱ ቀድሞ ይለቃል።

ዕድሜያቸውን ስትጨርስ «ያኔ ያልነበረ ምን አለ?» ብለህ እያቸው። ጎናቸው ላይ ባለ ብዙ ቀለም የመስመር ሰሌዳ ከተለጠፈ፣ ያ ኮምፒውተር እንዲያነበው የተሠራ የ1960ዎቹ መጨረሻ ነገር ነው። ልጠው። በጥቁር አራት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈ የቅባት መዝገብ ካለም የ1970ዎቹ ነው። ጣሪያው ላይ የሚሄደው መረማመጃ የግድ መኖር አለበት። ያለ መረማመጃ አዲስ ፉርጎ መሥራት የተፈቀደው በ1966 ነው። ኬ የሚባለው የድሮ ፍሬን ከሌላ ኩባንያ ጋር በሚቀያየሩ ፉርጎዎች ላይ በ1953 ተከልክሏል። ስለዚህ ሆዱን ገልብጠህ እይ። ሲሊንደሩና የአየር ጋኑ አንድ ላይ ከተጣበቁ ኬ ነው፣ ሦስት ነገር ለየብቻ ከተንጠለጠለ አዲሱ ኤቢ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህን ማንም አያየውም። አንተ ግን ታውቀዋለህ፣ ሌሊት ይቀሰቅስሃል።

በስፕሬይ የተሳለ ትልቅ የግድግዳ ጽሑፍማ እንዳታስበው። እሱ ብዙ ቆይቶ የመጣ ነው። በ1954 ፉርጎ ላይ የሚጻፈው በጠመኔ ነበር። የጣቢያ ሠራተኞች ፉርጎው ወዴት እንደሚሄድ በችኮላ ይጭሩበታል፣ ሥራ ፈላጊ መንገደኞችም የራሳቸውን ምልክት ይተዋሉ። በደንብ በተቀረጸ ነጭ እርሳስ ሁለት ሦስት ቦታ ጫር ጫር ካደረግክ ለዘመኑ ከበቂ በላይ ነው። ደግሞ ሰው ቆሞ እጁ የሚደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን፣ ጣሪያው ሥር አይደለም።

ስለ ቀለም ዓይንህን የሚያሠለጥንልህ ነገር ልንገርህ። ጃክ ዴላኖ የተባለ ፎቶግራፈር በ1942 እና 1943 የቺካጎን የባቡር ግቢዎች በቀለም ፊልም አንስቷል። ፎቶዎቹ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያሉ። ከላይ የተነሱትን ተመልከት። ሁሉም ፉርጎ «ቀይ» ነው ይባላል አይደል? እዚያ ግን ቀዩ ከሽሮ እስከ ደረቀ ደም፣ ከዚያም እስከ ጥቀርሻ ይሄዳል። የራስህን ኩባንያ ሎኮሞቲቮች ደግሞ ኦ. ዊንስተን ሊንክ ከ1955 እስከ 1960 በሌሊት አንስቷቸዋል። አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀለም አይነግርህም። ዘይቱ የትኛው ብረት ላይ እንደሚያብረቀርቅና አቧራው የት እንደሚቀመጥ ግን ያሳይሃል።

እኔ ዓይኔ የተከፈተው በፎቶ አይደለም። ልጅ ሆኜ ድሬዳዋ አጎቴ ጋ ስሄድ የጅቡቲው ባቡር ፉርጎዎች ቆመው አያቸው ነበር። ከታች ወደ ላይ አንድ ሦስተኛ ያህሉ የመሬቱን ቀለም ይዟል። አሸዋው ቢጫ ከሆነ ፉርጎውም እግሩ ድረስ ቢጫ ነው። ጣሪያው ደግሞ በፀሐይ ነጥቷል። የቨርጂኒያ አፈር እንደዚያ አይደለም፣ ሕጉ ግን ያው ነው፦ ባቡር የሄደበትን አገር ይለብሳል። (የእኛን ባቡር በሞዴል መሥራት የሚፈልግ ካለ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው ሃዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ስለሆነ በአንተ 16.5 ሚሊሜትር ሃዲድ አይሆንም። በ1 ለ 87 ልኬት 12 ሚሊሜትር ይቀርበዋል። ይህ ሌላ ቀን ነው።)

እንግዲህ እድፉ ከየት ይመጣል?

ከላይ ጥላሸት ይወርዳል። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ፊት ሆኖ ይተፋዋል፣ ኋላ ያሉት ይቀበሉታል። ስለዚህ በእንፋሎት ዘመን የፉርጎ ጣሪያ ጥቁር ግራጫ ነው፣ ጎኑ የቱንም ያህል ቀይ ቢሆን። አንዳንዱ ጣሪያ ግን ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ነው። ዚንክ ላይ ቀለም አጥብቆ አይዝም፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ከሥሩ የሚወጣው ዝገት ሳይሆን ብርማ ግራጫ ነው። ይህን አንድ ሁለት ፉርጎ ላይ ብትሠራው የሚያውቅ ሰው ቆሞ ያየዋል።

ከታች አፈር ይነሳል። ከሁሉ የሚረሳው የፉርጎው ፊትና ጀርባ ነው። የጎረቤት ፉርጎ ጎማ በዝናብ ጊዜ ጭቃውን ወደ ላይ ሲረጨው፣ ጠባቡ ግድግዳ ላይ ልክ በሃዲዶቹ አቅጣጫ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይወጣሉ። እስከ ጣሪያው ይደርሳሉ ማለት ይቻላል። ይህን ሳደርግ ያየ ጓደኛዬ «ለምን ሁለት?» ብሎ ጠየቀኝ። ጎማው ሁለት ነዋ!

ከጎማው ዘይት ይፈሳል። በዚያን ጊዜ አብዛኛው የጭነት ፉርጎ የዛሬው ዓይነት ባለ ሮለር ኩሽኔታ አልነበረውም። የዘንጉ ጫፍ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ከነሐስ ኩሽኔታ ሥር ነው የሚሽከረከረው፣ ከታች ደግሞ በዘይት የተነከረ የጥጥ ክር ዘይት ይቀባዋል። ዘይቱ እየተንጠባጠበ የጎማውን ፊት ያለብሰዋል፣ አቧራው ከላዩ ይጣበቃል። ስለዚህ የጎማው ፊት ብርቱካናማ ዝገት መሆን የለበትም። ወፍራም፣ ቡናማ ጥቁር፣ ቅባት ያለው ነው። ከዘመናዊ ባቡር ፎቶ እያየ የ1954 ጎማ ብርቱካን የሚቀባ ሰው ሳይ እጄን ያሳክከኛል።

ከጭነቱ የሚመጣው ደግሞ የየሙያው ነው። ባለ ቦቴው ፉርጎ ከላይ ከመሙያው አንገት ሥር ወደ ታች የፈሰሰ ጥቁር መስመር አለው። የከብት ፉርጎ በኖራ ስለሚጸዳ የጎኑ የታችኛው ክፍል ነጭ ይንጠባጠብበታል። የበረዶ ፉርጎ በረዶው ላይ ጨው ስለሚጨመር ጨዋማው ውሃ ብረቱን እየበላ ይወርዳል፣ ዝገቱ የሚበረታውም ከጥጎቹ አካባቢ ነው፣ በረዶው የሚቀመጠው እዚያ ነዋ። ሲሚንቶ የሚጭነው ከጣሪያው ክዳኖች ዙሪያ ግራጫ ነጭ ለብሷል።

ከጽሑፉም ይመጣል። የዚያ ዘመን ነጭ ቀለም ፀሐይ ሲመታው ዱቄት ይሆናል። ዝናብ ሲያጥበው ከየፊደሉ ሥር ቀጭን ነጭ ጭረት ይወርዳል። በተቃራኒው ደግሞ አዲስ የሆነ ነገር አለ። ፉርጎ በየጊዜው ይመዘናል፣ የኩሽኔታው ጥጥም ይቀየራል። ሠራተኛው የድሮውን ቁጥር በአዲስ ቀለም ሸፍኖ አዲሱን ቁጥርና ቀን ይጽፍበታል። ስለዚህ በደበዘዘ ጎን ላይ ትንሽዬ ንጹህ አራት ማዕዘን ትታያለች። እኔ ይህቺን ነገር ከዝገት ሁሉ አስበልጬ እወዳታለሁ። የሠላሳ ዓመት ልብስ ላይ የትናንት ጥፍ ናት። ገና ዳግም ያልተመዘነው አዲሱ ፒኤስ-1 ላይ ግን ከክብደቱ ጎን «ኒው» የሚል ቃልና የተሠራበት ቀን ነው ያለው፣ እሱን አትሸፍን።

አሁን ወደ መግዣው። ኤርብራሽ አትግዛ፣ ገና ነህ። ሦስት ቱቦ የሠዓሊ የዘይት ቀለም ይበቃሃል፦ ነጭ፣ ጥቁር ቡናማና የተቃጠለ ሸክላ የሚመስለው ቀይ ቡናማ። ሽታ የሌለው አኳራጅ፣ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ በስፕሬይ፣ የሠዓሊ ደረቅ ጠመኔ በጥቁር፣ በግራጫና በአፈር ቀለም፣ ጥቂት ብሩሾች፣ የጆሮ ጥጥ። ንጹሕ ጥቁር የዘይት ቀለም አያስፈልግህም። ምክንያቱን በቁጥር ላስረዳህ። በ1 ለ 87 ልኬት ሞዴሉን ከ60 ሴንቲሜትር ስታየው እውነተኛውን ከ52 ሜትር እንደማየት ነው። በዚያ ርቀት ጥቁር ነገር ጥቁር ሆኖ አይታይም፣ አየሩ ያነጣዋል። አንድ ሚሊሜትር የዝገት ነጥብም ወደ ዘጠኝ ሴንቲሜትር የሚጠጋ ቀዳዳ ነው። የመጀመሪያው ፉርጎህ የተበላሸው ለዚህ ነው፦ ንጹሕ ጥቁር፣ ያውም በአንዴ፣ ያውም በሁሉም ቦታ እኩል።

አንድ ዝግ ፉርጎ ያዝ። ርዝመቱ 14 ሴንቲሜትር ከሆነ እውነተኛው 40 ጫማ ነው፣ የዘመኑ መደበኛ። ጎማዎቹን ፍታ፣ መያያዣውንም አውጣ። ገላውን በሳህን ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እጠብ፣ የጣትህ ቅባት ቀለም ያስለቅቃል። ሲደርቅ ቫርኒሹን በስሱ ንፋ። ይህ ብቻውን መጫወቻነቱን በግማሽ ይቀንሰዋል።

ቀጥሎ ማደብዘዝ። ከዘይት ቀለሙ ነጩን በጥርስ መፈቅፈቂያ ጫፍ ጎኑ ላይ እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ አድርግ። ሰባት ስምንት ነጥብ፣ ከዚያ አይበልጥ። ብሩሹን አኳራጅ አስነክተህ በጨርቅ ጭመቀው፣ እርጥበት ብቻ ይቅረው። ከዚያ ከላይ ወደ ታች ሳብ። ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች። ዝናብ ወደ ጎን አይሄድም። ነጩ ሊጠፋ ጥቂት እስኪቀረው ሳበው። ቀዩ ሲደበዝዝ ፊደሎቹም አብረው ይደበዝዛሉ፣ ያኔ አንድ ላይ ያረጁ ይመስላሉ። በቡናማው ደግሞ የበሩ ሃዲድ፣ የመሰላሉ ሥርና የላሜራዎቹ መገጣጠሚያ ላይ ብቻ ድገም። ደስ ካላለህ በእርጥብ ብሩሽ ጥረገው፣ ዘይት ቀለም ቶሎ ስለማይደርቅ ይምርሃል። አንድ ምስጢር፦ ቀለሙን ከመጠቀምህ በፊት ካርቶን ላይ አንድ ሰዓት አስቀምጠው። ካርቶኑ ዘይቱን ይጠጣል፣ ቀለሙ ሲደርቅ አያብረቀርቅም።

አንድ ሁለት ቀን ተወው። እኔ የምሳሳተው እዚህ ነው፣ ትዕግሥት የለኝም።

ከዚያ ዱቄቱ። ጠመኔውን ብርጭቆ ወረቀት ላይ ፍቀው። ጥቁር ግራጫው ለጣሪያው፣ የአፈሩ ቀለም ለታችኛው ጠርዝና ለሁለቱ የጎማ መስመሮች። በለስላሳ ብሩሽ ነው፣ እንደ ፊት ፓውደር። በላዩ ቫርኒሽ ከነፋህ ግማሹ እንደሚጠፋ እወቅ፣ ስለዚህ ወይ አብዝተህ አድርግ ወይ አትንፋበት። ፉርጎውን ብዙ የማትነካካው ከሆነ አለመንፋቱ ይሻላል። ስትፈቅና ስትነፋ ግን የአቧራና የቀለም ማስክ አድርግ፣ መስኮትም ክፈት። ልጅህ ከጎንህ ከተቀመጠ ደግሞ ለእሱም።

ስለ ቫርኒሹ ካነሳን አንድ ጉዴን ልንገርህ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ደንበኛ ጥቁር ባለ ቦቴ ፉርጎ እሠራ ነበር። ሥራው አልቆ፣ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽም ተነፍቶበት፣ አንዲት የጣት አሻራ አየሁ። በአልኮል ላጽዳት ብዬ ነካሁት። ዓይኔ እያየ ፉርጎው ነጣ፣ ጤዛ እንደመታው መስታወት። ይህ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽና አልኮል ሲገናኙ የሚመጣ ነገር ነው። ያኔ አላወቅሁም ነበርና ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ጠዋት ቫርኒሹን በላዩ ስነፋው ንጣቱ ጠፋ። ዛሬ ያንን ንጣት ሆን ብዬ እጠቀምበታለሁ፣ በፀሐይ የተቃጠለ ቀለም ሳስመስል። ያኔ ግን ፀጉሬን አሽብቶኛል።

የከሰል ፉርጎዎችህ፣ ማለትም ከታች የሚከፈቱት ሆፐሮች፣ ሌላ ዓለም ናቸው። የኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን ሆፐር ጥቁር ሆኖ ፊደሉ ነጭ ነው። ጥቁር ሲያረጅ ወደ ግራጫ ይሄዳል እንጂ አይጠቁርም፣ ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ነጩ የዘይት ቀለም ነው። ትልቁ ሥራ ግን ውስጡ ነው። ከሰል ውስጥ ድኝ አለ። ውሃ ሲነካው አሲድ ይሆናል፣ ብረቱን ይበላል። ደግሞ ከሰሉ በወረደ ቁጥር ውስጡን ይፍቀዋል፣ ቀለም አይተርፍም። ባዶ ሆፐር ውስጡ ጥቁር ከሆነ ውሸት ነው። ቀይ ቡናማ ዝገት፣ ጥጋጥጉ ላይ ጥቁር ዱቄት፣ ሸርተቴው ላይ የተፋቀ ብረት።

ሙሉ ከሆነ ደግሞ እውነተኛ ከሰል አድርግበት። አንድ ቁራጭ የድንጋይ ከሰል በጨርቅ ጠቅልለህ በመዶሻ ፈጭተህ በወንፊት ንፋ። የማብሰያው ከሰል አይሆንም፣ እሱ እንጨት ነው፣ አያብለጨልጭም። በስፖንጅ ላይ ክምር አስመስለህ ነጭ ሙጫ በውሃ አቅጥነህ፣ ጠብታ የሳህን ሳሙና ጨምረህ አፍስስበት። ሥሩ ትንሽ ብረት ብታስገባ በማግኔት ታነሳዋለህ። ይህ ይጠቅምሃል፣ ምክንያቱም በቨርጂኒያ በኩል የዚህ ኩባንያ ከሰል ከተራራው ወደ ባሕር፣ ኖርፎክ ወዳለው የላምበርትስ ፖይንት ወደብ ነው የሚወርደው። በዚያ መስመር ባቡርህ ወደ ምሥራቅ ከሄደ ሆፐሮቹ ሙሉ፣ ወደ ምዕራብ ከተመለሰ ባዶ ናቸው። ከባሕሩ ወደ ተራራው ከሰል ጭኖ የሚወጣ ባቡር ልጅህም ይስቅበታል።

ሎኮሞቲቭዋ ላይ እጅህን ሰብስብ። ክላስ ኤ ከ1936 እስከ 1950 ድረስ 43 ብቻ የተሠሩ ናቸው፣ ኩባንያውም ይንከባከባቸው ነበር። ሎኮሞቲቭ እየታጠበ፣ ግሪስ እየተቀባ፣ ከሰልና ውሃ እየተሞላ በአጭር ጊዜ የሚወጣበት ልዩ መጋዘን ነበራቸው። ስለዚህ የዛገች እንፋሎት ሎኮሞቲቭ በ1954 ሮአኖክ ላይ አይሆንም። ያለችው የምትሠራ ሴት ናት፦ ታጥባለች፣ ግን ሥራ ላይ ነች። ቦይለሩ ከሚታጠብበት ቡሽ ሥር ቀጭን የኖራ ነጭ መስመር፣ ከአሸዋ ቱቦው ሥር ጎማው አካባቢ ግራጫ አቧራ፣ ዘንጎቹ ላይ ዘይት፣ የከሰልና የውሃ ጋሪዋ ላይ ውሃው የፈሰሰበት ምልክት። አለቀ። ቁጥር 1218 ሮአኖክ በሚገኘው የቨርጂኒያ የትራንስፖርት ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። ልጅህን ይዘህ ሂድና ሥሯ ቁም። ሙዚየም ስለሆነ ቀለሟ ንጹሕ ነው፣ ግን ውሃና ዘይት የት የት ሊወርድ እንደሚችል ብረቱን አይተህ ታውቃለህ። የሞዴሏን ጎማ ስትቀባ ከሃዲድ አውጥተህ በሽቦ መብራት ስጣት፣ ጎማው እየዞረ ፊቱን ቀባ። ሃዲዱን የሚነካው ክብ ላይ ቀለም ካረፈ መብራት አያልፍም፣ ሎኮሞቲቭዋ ትቆማለች።

ጎማ ካነሳን አይቀር፣ የፉርጎዎቹ ጎማ ፕላስቲክ ከሆነ በብረት ቀይረው። ፕላስቲክ ቆሻሻ ይሰበስባል፣ ሃዲዱንም ያቆሽሻል። ክብደቱንም መዝን። በአሜሪካ ሞዴለኞች ማኅበር መለኪያ የ14 ሴንቲሜትር ፉርጎ ወደ 106 ግራም ይጠጋል። ቀላል ፉርጎ ቢያረጅም ባያረጅም ከመስመር ይወጣል። መያያዣው ዝገት ይቀባ፣ የሚከፈተው ጣቱ ውስጥ ግን ቀለም አይግባ።

ስትጨርስ 14ቱን አያይዛቸውና ራቅ ብለህ እይ። ሁሉም እኩል ካረጁ አንዱን መልሰህ አጽዳ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከፋብሪካ የወጣ ሁለት ፉርጎ፣ በቅርቡ ቀለም የተቀባ አንድ ሁለት፣ መካከለኛ የሆኑ ብዙ፣ ሊጣል የደረሰ አንድ። ሊጣል የደረሰው ሁለት ከሆነ ዓይን ይሰርቃል፣ ሦስት ከሆነ የቁራሌ መጋዘን ነው። ብርሃኑንም አትርሳ፦ ቀለሙን የምትቀባበት መብራት ሃዲዱ ያለበት ክፍል መብራት ዓይነት ይሁን። መስኮት ሥር የቀባኸው ቡናማ ማታ ቢጫ አምፖል ሥር ሌላ ሆኖ ይጠብቅሃል።

ያ ጭቃ ውስጥ የወደቀውስ? አትጣለው። የቀባኸው በውሃ የሚቀጥን ቀለም ከሆነ በጆሮ ጥጥና በትንሽ አልኮል መጀመሪያ ሆዱ ላይ፣ በማይታይ ቦታ ሞክር። የፋብሪካው ቀለም አብሮ ካልለቀቀ ጎኑን ከላይ ወደ ታች ጥረገው። ግን ሙሉ በሙሉ አታጽዳው። በላሜራዎቹ መገጣጠሚያና በሪቬቶቹ ዙሪያ የቀረውን ጥቁር ተወው፣ እሱ ሳታስበው የሠራኸው ጥሩ ሥራ ነው። ከዚያ የተሠራበትን ዓመት አንብብ። ከ1930 በፊት ከሆነ ዕድለኛ ነህ። ሊጣል የደረሰውን አንዱን አገኘህ ማለት ነው። ከታች በኩል ከቀጭን ፕላስቲክ የተቆረጠ ጥፍ በወረንጦ ይዘህ ለጥፍለት፣ ጥፉን ከቀረው ትንሽ ደመቅ አድርገህ ቀባ፣ አንዲት ንጹህ የሚዛን ቁጥርም ጨምርለት። ባቡሩ ውስጥ ከሎኮሞቲቭዋ ቀጥሎ አስገባው። ጥላሸቱን ከሁሉም ቀድሞ የሚቀበለው እሱ ስለሆነ ጣሪያው ለምን እንደጠቆረ የሚጠይቅህ አይኖርም።